ጥላው ለክቡርነትዎ፣ ፀሐዩ ለአምቡላንሱ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣
ባሉበት፣ ማለትም በጥላ ሥር፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ ደህና ነዎት? ቤተሰብዎስ? አዲሷ የቢሮ መኪናዎስ ይህን የበጋ ሙቀት እንዴት ቻለችው? ከጤና ጣቢያው በር ፊት ለፊት ባለችው የልብስ ስፌት ቤት የምንኖረው እኛ እህትማማቾች ከሞላ ጎደል ደህና ነን። የሞላው የእኔ ነው፤ የጎደለው የታላቅ እህቴ።

ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ በሚያነበው ቦታ ላይ ስላወጣሁት እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ቢሮዎ ደጋግሜ መጥቼ ነበር፤ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለች በፈገግታ ስለመለሰችኝ፣ ያን ያህል የሚሰበሰብ ሰው ቢያንስ ጋዜጣ ሳያነብ አይውልም ብዬ በዚህ በኩል መጣሁ። የመጣሁትም ላመሰግንዎ ነው። ምስጋናዬ ስለበዛ እንዳይምታታብኝ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

፩. መጀመሪያ ስለ ጥላው ላመሰግንዎ። በግቢው ውስጥ ያለው የቆርቆሮ መጠለያ አምቡላንሱ እንዲቆምበት የሠፈሩ ሰው ምሰሶ ተሸክሞ፣ ምስማር መትቶ የሠራው መሆኑን፣ ነገሩ እርስዎ ከመሾምዎ በፊት የሆነ ስለሆነ፣ ባያውቁ አይፈረድብዎትም። የቢሮው አዲስ መኪና በመጣች ሰሞን ግን አምቡላንሱ ከመጠለያው እንዲወጣና ከቀትር በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት በሚመታው ግንብ ሥር እንዲቆም አዘዙ። ያን ግንብ በዚያ ሰዓት በመዳፍዎ ነክተውት እንደማያውቁ እርግጠኛ ነኝ፤ ድመት እንኳ አይጠጋውም።

የአምቡላንሱ ሹፌር፣ ሠፈሩ በሙሉ «ነጭናጬ» የሚለው ሰውዬ፣ በዚህ ነገር ተነጫነጨ። ሰውየው በነፋሱም በዳቦውም በሬዲዮኑም የሚነጫነጭ ስለሆነ በባትሪው ሲነጫነጭ ማንም ልብ ባይለው አይገርምም። «ባትሪው ውሃውን ያለ ልክ እየጠጣ ነው፤ ሞልቼው ዞር ከማለቴ ይደርቃል። መጠለያውን በሙሉ ባይመልሱልኝ እንኳ ግማሹን ይስጡኝ» ብሎ ቢሮዎ ድረስ ሲመጣ የሰጡት መልስ እኛ ቤት ድረስ ተሰምቷል፦ «አምቡላንስ የተሠራው ሊሮጥ ነው እንጂ በጥላ ሊተኛ አይደለም።» እንዴት ያለ አባባል ነው! ከዚያ በኋላ የእርስዎ መኪና በጥላ ተኛች፤ አምቡላንሱም መሮጥ አቃተው።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ሸራው ነው። ጥላው እንደማይመለስ ሲያውቅ ነጭናጬ ወደ እኛ ቤት መጣና እትዬን አንድ ነገር እንድትሰፋለት ለመናት። እትዬ የምላት ታላቅ እህቴን ነው። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበር፤ በአንድ የስፌት መኪና አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ሙያውንም ሰጥታኛለች። የጤና ጣቢያውን አንሶላና መጋረጃ የምትሰፋውም እርሷ ነበረች፤ እርስዎም ቢሮዎ ውስጥ ፀሐይ እንዳይገባብዎ የሚጋርዱት በእርሷ እጅ ሥራ ነው።

እትዬ ከአሮጌ ድንኳን የተረፈ ወፍራም ነጭ ሸራ አውጥታ በሞተሩ ኮፈን ልክ ሰፋችለት። ከብረቱ ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ እንዲዘረጋና በሥሩ ነፋስ እንዲያልፍ አድርጋ በየማዕዘኑ ማሰሪያ አበጀችለት። ነጭናጬ አገላብጦ አየውና «ይሄ ጥግ ላይ ጠመም ብሏል» አለ። እትዬ ሳቀችና «አንተ መቼ ቀጥ ብለህ ታውቃለህና ነው? ውሰድ!» አለችው። ለካ ሲስቅ ጥርስ አለው! ያን ቀን ነው ያየሁት።

ሸራው ግን ሳይሰነብት እንግዶች ሊጎበኙን ነው ተባለና እርስዎ በመስኮት ብቅ ብለው «ይሄ ምን የሚሉት ጨርቅ ነው? ግቢውን የገበያ ድንኳን አስመሰላችሁት እኮ!» ብለው አስወረዱት። እንግዶቹ መጡ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ። በማግስቱ ሸራውን አቧራ እንዳይነካት ተብሎ የእርስዎ መኪና ለብሳው አየናት። በጥላ ውስጥ ያለች መኪና ሌላ ጥላ ሲደረብላት እትዬ ከደጃፋችን ቆማ አየች። ስፌቷን ቀጠለች።

፫. ሦስተኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ።

ከምሳ በኋላ ነበር፤ አስፋልቱ ከሩቅ ሲያዩት ውሃ የሚመስልበት ሰዓት። እትዬ ስፌቷ ላይ እንዳለች መቀሱ ከእጇ ወደቀ። ላነሣው ብላ ጎንበስ አለችና ቀና ማለት አቃታት። «እትዬ ምን ሆንሽ?» ስላት ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቷ በአንድ ጎኑ ወርዷል። ልትመልስልኝ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ቃል አልነበረም። ጩኸቴን ሰምቶ የመጣው ጎረቤታችን በያጁ እንደ ሕፃን አቀፋትና መንገዱን ተሻግረን እናንተ ግቢ ገባን።

ነርሷን እግዜር ይስጣት፤ ገና እንዳየቻት «ስትሮክ ነው! እዚህ መቆየት የለባትም፤ ደቂቃዋም ዋጋ አላት፤ አምቡላንሱን አስነሡ!» ብላ ጮኸች። ነጭናጬ ሮጦ ገባ፤ ቁልፉን አዞረ። «ጢክ» አለ። ደግሞ አዞረ። «ጢክ።» ከዚያ በኋላ እርሱም ቀረ። ኮፈኑን ሲከፍት እኔም አጠገቡ ነበርኩ፤ የባትሪው ጎን አብጧል፣ ገመዱ የሚታሰርበት ራሱ ላይ ነጭ ዱቄት ጋግሯል፣ ውስጡ ጠብታ የለውም። ብረቱ እጅ አያስነካም።

እንግፋ ተባለ። ዘበኛው፣ በያጁ፣ ወረፋ ይጠብቁ የነበሩ አስታማሚዎች፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ሳትቀር ገፉ። ከግንቡ እስከ በሩ ያለው ዳገት ነው፤ ጎማው ጠጠሩን እየፈጨ ወደ ኋላ ይመለሳል። ነጭናጬ ትቶት ወረደና የባትሪውን ገመድ ይዞ ወደ መጠለያው፣ ወደ እርስዎ መኪና ሮጠ። «ቁልፍ! ለአንድ አፍታ ብቻ! ከዚህች ላይ ኃይል ልውሰድ!» እያለ ሲጮህ ሰምተው በመስኮት ብቅ አሉ።

ክቡርነትዎ፣ ያኔ የተናገሩትን አልረሳሁትም፤ እርስዎ ግን የሚናገሩት ብዙ ስለሆነ ረስተውት ከሆነ ላስታውስዎ።

«የአዲስ መኪና ኮምፒውተር ታቃጥላላችሁ! የመንግሥት ንብረት ነው፤ ሌላ ፈልጉ!»

ነርሷ ከታች ሆና «ጌታዬ፣ እንግዲያውስ በእርሷው እንውሰዳት! ሴትየዋ እያመለጠችን ነው!» አለችዎት።

«ያለ መውጫ ፈቃድ መኪና ከግቢ አይወጣም።»

«ፈቃዱን የሚፈርመው ማነው?»

«እኔ ነኝ። አሁን ግን ስብሰባ ላይ ነኝ።»

ከዚያም ሙቀቱ ወደ ውስጥ ስለገባ መስኮቱን ዘጉት። ከራስ በላይ ነፋስ ይባላል፤ የእርስዎ ነፋስ ደግሞ ከማቀዝቀዣ የሚወጣ ነው።

እትዬን ሆስፒታል ያደረሳት በመንገዱ ያልፍ የነበረ የአሸዋ መኪና ነው። በያጁ መንገዱ መሐል ቆሞ እጁን ዘርግቶ አስቆመው። ሹፌሩ ምንም አልጠየቀም፤ ወርዶ የኋላውን መዝጊያ ከፈተና «አምጧት» አለ። ጋቢናው ውስጥ ማስተኛት ስላልተቻለ አሸዋው ላይ አንሶላ አነጠፍን፤ አንሶላውም የራሷ ስፌት ነበር። ፀሐይ እንዳይመታት ነርሷ ነጠላዋን ዘርግታ ከበላይዋ ቆመች። እትዬ በግራ እጇ ጣቴን ይዛ ሰማዩን ታይ ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ መረመራትና «ምነው ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ!» አለን። እኛ እኮ ከጤና ጣቢያ ነው የመጣነው።

፬. ስለ ምርመራውም ሳላመሰግን አላልፍም። አጣሪ ኮሚቴ አቋቁመው፣ ኮሚቴው ሻይ እየጠጣ መክሮ፣ ለአምቡላንሱ አለመነሣት ምክንያቱ «ከአቅም በላይ የሆነ የአየር ሙቀት» እንደሆነ ደረሰበት። ፀሐይን ከሥራ ማገድ ስለማይቻል ግን ነጭናጬ ታገደ፤ «ባትሪውን በአግባቡ አልያዘም» ተብሎ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። ሰውየው ዕቃውን ሊወስድ የመጣ ዕለት ወደ እኛ ቤት ጎራ ብሎ እትዬ አጠገብ ብዙ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ በምንም ነገር ሳይነጫነጭ ወጣ፤ ያ ከሁሉ አሳዘነኝ።

፭. ሥልጠናው! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ምቀኞች አይጠፉም፤ እኔ ግን አደንቅዎታለሁ። «የተሽከርካሪ ባትሪን ከበጋ ሙቀት መጠበቅ» የሚል ሥልጠና አዘጋጁና ርእሱ በትልቁ የተሰፋበት ጨርቅ እንዲዘጋጅ ለእኛው ቤት አዘዙ። ማን እንደሚሰፋው ቢሮዎ ሳያውቅ ቀርቶ ነው እንጂ ሆን ብሎ አይመስለኝም። ሰፋሁት። እትዬ በር ላይ ተቀምጣ ፊደሎቹን ስቆርጥ ታየኝ ነበር።

ጨርቁን ልሰቅል አዳራሹ ገብቼ ሳለ ሥልጠናው ስለተጀመረ እዚያው ቀረሁ። አዳራሹ ደስ የሚል ቅዝቃዜ ነበረው። የተጋበዙት ባለሙያ ብዙ ጠቃሚ ነገር ተናገሩ፤ የባትሪውን ውሃ መከታተል፣ ራሱን ማጽዳት፣ በጋ ሳይገባ ማስመርመር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «መኪናውን በጥላ ማቆም፤ ጥላ ከሌለ በነጭ ሸራ መጋረድ» አሉ። እርስዎ ከፊት ተቀምጠው ይህን ሲሰሙ ራስዎን በአዎንታ እየነቀነቁ ማስታወሻ ያዙ። ከዚያም አጨበጨቡ! እጄን አወጣሁ። «ጥያቄ በመጨረሻ» አሉኝ። በመጨረሻ ምሳ ሆነ።

ስድስተኛ፣ ሰባተኛ እያልኩ መቀጠል እችል ነበር፤ ነገር ግን የስፌት ሥራው አሁን በእኔ ብቻ ስለወደቀ ጊዜ የለኝም።

እትዬ እንዴት ናት ብለው ስላልጠየቁ ልንገርዎ። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጧል። እግሯ ቀስ እያለ እየታዘዘላት ነው። ከቃላት ሁሉ የቀራት አንድ ነው፦ «ክር»። ውሃ ስትፈልግ «ክር» ትላለች፤ ሲበርዳት «ክር» ትላለች፤ እኔንም የምትጠራኝ «ክር» ብላ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ ጓዳ ገብቼ አለቅስ ነበር። አሁን «አቤት» እላለሁ።

ነጭናጬ ደግሞ የዳቦ ቤት መኪና ይነዳል፤ ጠዋት በደጃፋችን ሲያልፍ ዳቦው በደንብ አልበሰለም እያለ ሲነጫነጭ እሰማዋለሁና ደስ ይለኛል።

ለአምቡላንሱ አዲስ ባትሪ ተገዝቶለታል፤ አዲስ ሹፌርም ተቀጥሮለታል። የቆመው ግን እዚያው ግንብ ሥር ነው። ዛሬ ከሰዓት ይህን ስጽፍ በደጃፋችን በኩል አየዋለሁ፤ ኮፈኑ ላይ አየሩ ይንቀጠቀጣል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጠለያውን ለአምቡላንሱ ይመልሱለት። ለእትዬ አይደለም፤ የእርሷ አልፏል። ያን ቀን የገፋችው ነፍሰ ጡር ሴት ቀኗ ስለደረሰ ነው።

እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜና ሙሉ ጤና ይስጥዎ። አይበለውና ለእርስዎም የጭንቅ ሰዓት ቢመጣብዎ፣ አንድ ሰው ገመድ ይዞ ስለ እርስዎ ሲሮጥ የሚያገኘው ባለመኪና ስብሰባ የሌለበት፣ መመሪያ ያላነበበ፣ እንደዚያ እንደ አሸዋ ጫኙ «አምጧት» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የማያውቅ ሰው ይሁንልዎ። ይህን የምመኝልዎ ከልቤ ነው፤ ያስተማረችኝ እትዬ ናትና።

በመስኮትዎ ትይዩ ሆና፣ መስኮቱ እስኪከፈት በአክብሮት የምትጠባበቅ፣
የልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህት

ሳልጽፈው የቀረ፦ እንዲሰፋልዎ የሰጡን ግራጫ ኮት እኛው ዘንድ አለ። እትዬ የወደቀች ዕለት የስፌት መኪናው መርፌ ሥር የነበረው እርሱ ነው፤ ግራ እጅጌውን ገጥማ ቀኙን ልትጀምር ነበር። እኔ ልጨርሰው ሞከርኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ባለ አንድ እጅጌ ሆኖ በር ላይ ሰቅዬዋለሁና በሚመችዎ ጊዜ መንገዱን ተሻግረው ይውሰዱት። የመውጫ ፈቃድ አያስፈልግዎትም።