እማዬ ቀና ያለችበት ሸራ

ውዱ አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሞላ፤ ሙት ዓመትህም አለፈ። ደህና ነን። ንፋስ መውጫ ባጃጁ በዝቶባታል፣ ብርዷ ግን ያው ነው። የሥዕል ክፍልህን እኔ ይዤዋለሁ። እማዬ ቀለሙ ይሸተኛል እያለች ታማርራለች፤ በሩን ግን አታስዘጋኝም።

ከመስቀሉ ሥር የቆሙትን ቅዱሳት አንስት ጀምረህ የተውኸውን ሸራ ሰበካ ጉባኤው ለሌላ ሠዓሊ ሊሰጠው ነበር። ሰውየው ከስልኩ እያየ ነው የሚገለብጠው፤ ሴቶቹ ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። እንዴት ተደርጎ፣ የአባቴን ሥራ የምጨርሰው እኔ ነኝ አልሁ። ለሸራው ብለህ የአገራችንን ሴቶች የሣልህባቸውን የእርሳስ ሥዕሎችህን ቄሰ ገበዙ ፊት ዘረጋኋቸው። አርብ ገበያ ጌሾ የምትሸጠዋን፣ ገብስ የምታበጥረዋን፣ ሁሉንም በየስማቸው ጠሯቸው። ከዚያ በይ ጨርሺው አሉኝ።

ጎረቤታችን እትዬ ጥሩ የተቆጡህ ቀን ትዝ ይልሃል? በጎን ብትሥላቸው፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳና ሰይጣን ነው፣ ምን በድዬህ ነው ብለው ሰፈሩን አስነሡብህ። አንተ እየሳቅህ፣ ጎንዎ ለወረቀቱ ነው፣ ሸራው ላይ ሁለት ዓይን አለዎት አልሃቸው። እርሳሱ ሴቲቱን በሥራዋ ላይ እንዳለች ይይዛታል፣ ቀለሙ ወደ ሰው ያዞራታል ትለኝ ነበር። አሁን በእጄ ስሠራው ገባኝ። ሁሉንም አዞርኋቸው።

የአንዷ ፊት ብቻ ባዶ ቀረ። ለእማዬ ያስቀመጥኸው ነው። እሷን የሣልህባቸው ወረቀቶች ሁሉ በጎን ናቸው፤ ጥጥ ስትፈትል፣ ምስር ስትለቅም። በእናንተ ዘመን ወግ ሚስት ባሏን ዓይን ለዓይን አታይምና አንተ ፊት ቀና ብላ አታውቅም። ከጎኗ ተነሥቼ ልገምተው ብሞክር የማላውቃት ሴት ወጣችብኝ።

ስለዚህ እሷኑ ጠየቅኋት። ነጠላዋን አስተካክላ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ብዙ ጊዜ መሬት መሬት አየች። በኋላ ቀና አለች።

«አባትሽን አንድ ቀን ጠግቤ አላየሁትም» አለችኝ። «እንግዲህ እሱ ይየኝ።»

አለቀስሁ፤ እርሳሴን ግን አላስቀመጥሁም። ግራ ዓይኗ ከቀኙ ትንሽ ይጠብባል፣ ይህን ሳታውቅ ነው የሄድኸው። አላስተካከልሁትም፤ እንዳለ ሸራው ላይ አሰፈርሁት።

ሸራው ለበዓሉ ደርሶ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሰው ስምህን እያነሣ ይሳለመዋል። እኔም እርሳስ ባነሣሁ ቁጥር ስምህን አነሣለሁ፤ በዚህ አትጠራጠር። እማዬን ቀና ብላ የሣልሁበትን የእርሳስ ሥዕል ግን ለማንም አልሰጠሁም። ሳሎን ውስጥ ከፎቶህ ፊት ለፊት ሰቅዬዋለሁ። አሁን ትተያያላችሁ።

ልጅህ