መኪናዋን ከኦቻንግ ጋራዥ አታንሳት

ጋምቤላ፣ ኒውላንድ
ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድም ጋሼ ወንዶሰን፣

ይህ ደብዳቤ እጅህ የሚገባው ዓርብ ጧት ነው። የምትሠራበት ጋራዥ የሚዘጋበትን ቀን ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት። ወደ ሻርጃ የምትሄደውን ዶርቃን፣ ደብዳቤውን ለአንተ ሳይሆን አብሮህ ለሚያድረው ለየሱፍ እንድትሰጠው ነግሬያታለሁ። የሱፍንም ብቻህን ሳለህ እንዳይሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ። ስለዚህ አሁን ሻርጃ ያሉት የአገራችን የአቦቦ ልጆች ክፍልህ ውስጥ ተቀምጠው ይሆናል። ለምን እንደመጡ አትጠይቃቸው። መጀመሪያ አንብበህ ጨርስ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ሰኔ 12 ስትመጣ መኪናዋን ከኦቻንግ ጋራዥ አታንሳት። ወደ ዲማም አትሂድ።

ባለፈው እሑድ የላክህልኝን ድምፅ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። "ፍሬ፣ ለእማዬም ለአባባም ትንፍሽ እንዳትል። ከአውሮፕላን ወርጄ ቀጥታ ኦቻንግ ጋ ነኝ። መኪናዬን አስነስቼ ዲማ! ያንን ወርቅ ቆፋሪ ዕዝራን ሳያስበው ከጉድጓዱ ጎትቼ አወጣዋለሁ" አልህና ሳቅህ። እኔ ስልኩን ይዤ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ውጭ የዘንድሮው የመጀመሪያ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀምሮ ነበር።

ያቺን መኪና አንድ ቀን በእጅህ ነክተሃት አታውቅም። አባባ ሲገዛት አንተ ከሄድህ ሁለት ዓመት ሆኖህ ነበር። ሆኖም አንተ ያላዘዝህበት አንድ ብሎን የላትም። በረሃ ላይ ለጨዋታ ለሚነዱ ሰዎች መኪና ከፍ እያደረግህ፣ ከእነሱ የተረፈውን በመንገደኛ ሻንጣ ትልክልን ነበር። ባሌስትራው፣ በገመድ የሚጎትተው ዊንች፣ ፊት ያለው ብረት፣ ሁሉም በሰው ሻንጣ ነው የመጣው። ወንድማችን ዕዝራ ስልኩን ባትሪው ላይ ያቆመዋል፣ አንተ ከሻርጃ ትጮሃለህ።

"ግራ! ግራ አልኩህ እኮ! እሱ ቀኝ ነው፣ አንተ ደንቆሮ!"

"ስልኩ ገልብጦት ነው" ይልሃል ዕዝራ።

"የተገለበጠውስ አንተ ነህ!"

ኦቻንግ ከመኪናዋ ስር ሆኖ ይስቃል። "ዝም በሉ፣ ዶክተሩ መጣ" ይላል። ከዚያ ጭንቅላቱን አውጥቶ፣ "ዶክተር፣ አንተ አሸዋ ታውቃለህ። እዚህ ጭቃ ነው፣ ውሃ ነው። ና፣ እኛ እናስተምርሃለን።"

"አንተ መጀመሪያ ካቻቢቴዬን መልስ፣ ኦቻንግ! ከሄድኩ ጀምሮ እዚያው አንተ ጋ ነው!"

እንዲህ እየተሳሳቅን መኪናዋ ከፍ አለች፣ ከፍ አለች። ክረምት ሲገባ ሌላው ሁሉ የማይደፍረውን መንገድ ዕዝራ ሰው ጭኖ ይሄድ ጀመር። የዲማ ወርቅ ቆፋሪዎች ስሙን አወቁት። አንተም የመኪናዋን ቪዲዮ "ሻርጃ ተሠርታ ጋምቤላ የምትነዳ" ብለህ ለጓደኞችህ ታሳይ ነበር። ዕዝራ ይህን ሲሰማ ደረቱ እንዴት ይነፋ እንደነበር!

አምና ሐምሌ ላይ ስኖርክሉን ላክህልን፤ ያንን ከሞተሩ ተነስቶ እስከ ጣሪያዋ የሚወጣውን የአየር መሳቢያ ቱቦ። ታስታውሳለህ? "ከዚህ በኋላ በጣሪያዋ ነው የምትተነፍሰው። ውሃው ኮፈኗ ላይ ቢደርስ አትታፈንም" አልኸን። ኦቻንግ በዚያ ሳምንት ኢታንግ ለለቅሶ ሄዶ ስለነበር እኔና ዕዝራ ብቻችንን ገጠምነው። ቱቦው መልካም ነበር። ቱቦውን ከአየር ማጣሪያው ጋር የሚያገናኘው የጎማ ማያያዣ ግን ሰፋ። የሌላ ሞዴል ነበር። ትንሽ ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ቀረ።

"ለወንዱ ደውለን አይሆንም እንበለው" አልኩት።

ዕዝራ ዘይት በነካው እጁ ማጅራቴን ያዘኝ። "ሰውዬው ለፍቶ፣ ሰው ለምኖ የላከውን አይሆንም ልትለው ነው? ሌላ ልፈልግ ብሎ ደግሞ ሊንከራተት ነው። ካላማዳሪ ቆርጠህ ጠቅልለው፣ አጥብቀህ እሰረው። ደግሞ አቧራ ለመከላከል ምን ይጎድለዋል?"

የአሮጌ ጎማ ካላማዳሪ በመቀስ ቆርጬ ጠቀለልኩት። በብረት ማሰሪያው አጠበቅኩት። ከታች በኩል ግን ማሰሪያው አልደረሰም። ፎቶ ላክልኝ ስትለን ከላይ በኩል ብቻ አነሳሁት። "ገጠመ?" አልኸኝ። "ልክክ አለ፣ ወንድም ጋሼ" አልኩህ።

ይህችን ቃል ያዝልኝ። ከእሷ በኋላ የመጣው ሁሉ ከእሷ ነው የመጣው።

ጳጉሜ 2 ቀን ዕዝራ ስድስት ሰዎች ጭኖ ወደ ዲማ ወጣ። ኦቻንግም አብሮት ነበር። ሾፌሮች ቆላፊው የሚሉትን ወንዝ ታውቀዋለህ። በበጋ አሸዋ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ክረምት ሲሆን መንገዱን ቆልፎ ይሄዳል። ሁለት መኪናዎች ዳር ላይ ቆመው ውሃው እስኪጎድል ይጠብቁ ነበር። አንዱ ሾፌር፣ "ዕዝራ፣ ላይ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፣ እደር" አለው። ዕዝራም በእጁ ወደ ቱቦው አመልክቶ፣ "የኔዋ በጣሪያዋ ነው የምትተነፍሰው" አለው። ይህን የነገረኝ ኦቻንግ ነው።

መሀል ላይ ሲደርሱ ሞተሩ በዚያ ክፍተት ውሃ ስቦ አንድ ጊዜ ሳለና ዝም አለ። ባትሪውም ወዲያው ሞተ፤ ዊንቹ አልሠራም። ሰዎቹ ጣሪያዋ ላይ ወዳለው ፖርቶመጋላ ወጡ። ውሃው ከላይ እየጨመረ መጣ። ዕዝራ የዊንቹን ገመድ በእጁ ስቦ ማዶ ካለው ዛፍ ላይ ለማሰር ውሃው ውስጥ ገባ። ገመዱን አሰረ፤ ወንድም ጋሼ፣ ይህን እወቅልኝ፣ አስሮታል። ኦቻንግ በዚያ ገመድ ሁሉንም አንድ በአንድ አሻገራቸው። ዕዝራ ግን ገመዱን አስሮ ሲያበቃ የቆመበት የወንዙ አፋፍ ከስሩ ተናደ።

በሁለተኛው ቀን ነው ያገኘነው። አቦቦ ቤተ ክርስቲያን ተቀብሯል። ወንድማችን ዕዝራ ከሞተ ዘጠኝ ወሩ ነው።

አሁን ቀና በል። የሱፍን እየው። ከመስከረም ጀምሮ ያውቃል። አንድ ሰው "ነፍስ ይማር" ብሎ ስልክህ ላይ የጻፈልህን አንተ ገላህን ስትታጠብ ያጠፋው እሱ ነው። አትቆጣው። አባባ ነው የለመነው። "በሰው አገር መርዶ አይነገረውም። ሲመጣ በአገሩ፣ በሰው መሀል እናረዳዋለን" አለ። ሽማግሌዎቹም በዚህ ተስማሙ። ደግ አስበው ነው። የእኛ ሰው ውጭ ላለ ልጁ ክፉ አያወራም። እኔና ዕዝራም ማያያዣው ሰፍቷል ያላልንህ በዚሁ ነው።

እማዬ እሑድ እሑድ አንተ በቪዲዮ ልትደውል ስትል ጥቁር ልብሷን አውልቃ ያን የላክህላትን ቢጫ ሻሽ ታስራለች። ፀጉሯን ተላጭታ ስለነበር ሻሹን ግንባሯ ድረስ ነው የምታወርደው። አንድ ቀን "እማዬ ወጣት ሆነሻል" አልሃት። ሳቀችልህ። ስልኩ ሲዘጋ እዚያው እንደተቀመጠች ሻሹን ጎርሳ አለቀሰች፤ ጎረቤት እንዳይሰማ።

መኪናዋንም ያስነሳናት ለአንተ ነው። ትራክተር ከወንዙ ጎትቶ ካወጣት በኋላ አባባ ሊያያት አልፈለገም ነበር። ግን አንተ "መኪናዬን አሳዩኝ" ማለት ጀመርህ። ብትጠፋ ትጠረጥራለህ። ስለዚህ ቀብሩ በሆነ በስምንተኛው ቀን ኦቻንግ ጋራዥ ውስጥ ስልኩን ባትሪው ላይ አቆምኩልህ። "ትንሽ ውሃ ገባባት" አልንህ።

"ኢንጀክተሮቹን ፍቱና ሞተሩን አዙሩት፣ ውሃውን ይተፋል" አልህ። አዞርነው፤ ተፋ። ቡናማ ውሃ ነበር፣ ከነአሸዋው። "ናፍጣ ጨምሩበት። ዘይቱን ወተት መምሰሉን እስኪተው ቀይሩት" አልህ። ሦስቴ ቀየርነው። ከዚያ እየሳቅህ፣ "ውሃ ውስጥ የከተታት ዕዝራ ነው፣ አይደል? የት ተደበቀ? ጆሮውን ነው የምቆነጥጥለት!" አልህ። አባባ ከጎኔ ቆሞ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ነኝ "ዲማ ሄዷል፣ ወርቅ ልቆፍር ብሎ" ያልኩህ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በዕዝራ ቴሌግራም የሚጽፍልህ እኔ ነኝ። "ኔትወርክ ደካማ ነው፣ ድምፅ አይሄድም" ያልኩህ እኔ ነኝ። በገና "እንኳን አደረሰህ ወንዱ" ያልኩህም እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ "ዕዝራ፣ ወርቅ ቁፋሮ ጽሑፍ ያስተምራል እንዴ? የኔታ ሆነሃል!" ብለህ ቀለድህ። ያን ቀን የሒሳብ ፈተና ነበረኝ። ወረቀቱ ላይ ስሜን ስጽፍ "ዕዝራ" ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪዬ ሲያሳየኝ ነው ያወቅኩት። ፈራሁ፣ ወንድም ጋሼ። ቀስ በቀስ እሱ ልሆን የጀመርኩ፣ እኔም አብሬው የጠፋሁ መሰለኝ።

መኪናዋ አሁን ኦቻንግ ጋራዥ ማንጎው ስር ቆማለች። የትም አትሄድም። እሑድ እሑድ ብቻ፣ አንተ እንድትሰማት ትነሳለች። ድምፅዋ ጤነኛ ነው፣ "እንደ ሰዓት!" ትላለህ። ነገር ግን ስንገጥማት ያንኑ ማያያዣ፣ ያንኑ ካላማዳሪ ጠቅልዬ መለስኩት። አዲስ እንፈልግ ብል ኦቻንግ ለምን ይለኛልና። ሰኔ 12 አንተ የምትነሳው በዚያች ማያያዣ ነበር። ቆላፊው ደግሞ በሰኔ ይሞላል። አንተም ዳር ላይ ለቆሙት ሾፌሮች በእጅህ ወደ ቱቦው ታመለክታለህ። በዓይነ ሕሊናዬ አየሁህ። ለዚህ ነው የአባባን ቃል የጣስኩት።

ትናንት ከትምህርት ቤት ስወጣ ኦቻንግ ጋ ሄድኩ። ኮፈኑን ከፍቼ ማሰሪያውን መፍታት ስጀምር መጣ።

"ፍሬ፣ ምን ትሠራለህ?"

ሁሉንም ነገርኩት። የሚመታኝ መስሎኝ ነበር። ማያያዣውን ከእጄ ወሰደና ጣቱን በክፍተቱ አሳለፈ። ከዚያ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

"እኔ ነበርኩ 'ሂድ፣ ጥልቅ አይደለም' ያልኩት" አለኝ። "ውሃ የማውቅ እኔ ነኝ። ዘጠኝ ወር ሙሉ እኔ ገደልኩት ብዬ ነው የምተኛ። አንተ ደግሞ እኔ ገደልኩት ብለህ። አንድ ጋራዥ፣ ሁለት ሰው፣ አንድም አላወራ።"

"ለወንዱ ምን ልበለው?"

"ይሄን ላክለት። ወንድምህ መካኒክ ነው። በእጁ ሲይዘው ይገባዋል።"

ስለዚህ ከደብዳቤው ጋር በጨርቅ የተጠቀለለውን ፍታው። ጣትህን በውስጡ አዙረው፤ ከታች በኩል ስትደርስ ታገኘዋለህ። የተሳሳተ ዕቃ ላክህ ልልህ አይደለም። ጠይቀኸን ነበር። ልክክ አለ ያልኩህ እኔ ነኝ። ልትመታኝ ከፈለግህ ስትመጣ እጠብቅሃለሁ፤ አልሸሽም።

አንተ ግን አንድ ነገር አድርግልኝ። ማያያዣውን ይዘህ እንዳትመለስ፣ ልኳ የሚሆን ሌላም እንዳትፈልግላት። ለአባባ ደውልና እንዳወቅህ ንገረው። እማዬ የፊታችን እሑድ ያን ቢጫ ሻሽ አትሰር። በጥቁሯ ታናግርህ፣ አብራችሁ አልቅሱ።

ሰኔ 12 አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ እቆማለሁ። በሚኒባስ፣ ድልድይ ባለው መንገድ፣ አቦቦ እወስድሃለሁ። መጀመሪያ የምንሄደው ዕዝራ ጋ ነው። ኦቻንግም ይመጣል። ካቻቢቴህን ይዞልህ እንደሚመጣ ንገረው ብሎኛል።

የዕዝራን ቴሌግራም ዛሬ ዘግቼዋለሁ። ከእንግዲህ ከዚያ የሚመጣልህ ቃል የለም። አሁን የሚጽፍልህ እኔ ብቻ ነኝ፤

ታናሽ ወንድምህ፣
ፍሬሰንበት