የስፖርት ገጹን ለእኔ ሰጡኝ

ባሕር ዳር፣ የሰኔ ሚካኤል ማግስት

ይድረስ ለምሳሳላት እናቴ፤

እንዴት ሰነበትሽ እምዬ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ክረምት ሲገባ እንደሚጠዘጥዝሽ አውቃለሁና ቅባቱን አትርሺ። ጎረቤቶቻችን፣ ላሚቱ፣ ያ ሌባ ድመት ሳይቀር ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤ እንዲህ ተብሎ ነው የሚጀመረውና እኔም ብያለሁ።

ከሰላምታዬ ውስጥ አንድ ስም እንደ ጎደለ ሳታይው አትቀሪም። ወንድሜ አዘዘ ደህና ነው ወይ ብዬ አልጠየቅሁሽም። ልጠይቅሽ እልና ብዕሩን መልሼ አስቀምጣለሁ። ስለዚህ ቀስ ብዬ ልምጣበት፤ አንቺም ታገሺኝ። ዳዊት የምትደግሚበትን መነጽር አድርጊና ራስሽ አንብቢው። ለማንም አታስነብቢ።

የሥነ ጽሑፍ ክበባችን አዘጋጅ እንደሆንሁ ታውቂያለሽ። «ታንኳ» የምንላት የግድግዳ መጽሔታችን በየአሥራ አምስት ቀኑ በቤተ መጻሕፍቱ በር ባለው ሰሌዳ ላይ ትወጣለች። የሳይንስ ክበቡ ከእንቦጭ በቀር ሳይንስ የለም ብሎ ስለ ደመደመ ዘንድሮ ስለ እንቦጭ ያላወጣነው ነገር የለም። ተማሪው ግን ሁሉን ዘልሎ መጀመሪያ የሚያነበው «የደልጊ ወሬ» የሚለውን ዓምድ ነው። ጸሐፊው ማን እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። አዘዘ በጀልባ ከሚልክልኝ ደረቅ ዓሣ ጋር በዚያ ዶሮ የጫረው በሚመስል ጽሕፈቱ ጽፎ ይልከዋል፤ ከሥሩም «ወኪላችሁ ከደልጊ» ብሎ ይፈርማል። የቄሰ ገበዙ በቅሎ ጀልባ ላይ አልወጣም ብላ ባለቤቷን ከነጥምጥማቸው ሐይቅ እንደ ከተተች የጻፈ ጊዜ መምህራኑ ሳይቀሩ ሰሌዳው ሥር ቆመው ሲስቁ ነበር። ላንቺ ስጽፍ «ታናሿ ልጅሽ» ብዬ እንድፈርም ያስማለኝም እሱ ነው። ልጆችሽ ሁለት ብቻ ብንሆንም ታላቅና ታናሽ አለ፤ አዘጋጅ ሆንሁ ብለሽ እንዳትረሺው ይለኝ ነበር። ይለኛል ማለቴ ነው።

ግንቦት ከተጋመሰ ወዲህ የደልጊ ወሬ አልመጣልኝም።

አሁን ደግሞ ከዚህ በፊት ያልነገርሁሽን ነገር ልንገርሽ። በሰሌዳው ታችኛ ጥግ የኅዘን መግለጫ የምናወጣባት ትንሽ ቦታ አለች። ከተማሪዎቹ ወላጅ ወይም ወንድም የሞተበት ሲኖር ኅዘንህ ኅዘናችን ነው ብለን፣ ዙሪያውን በጥቁር አስምረን እንለጥፋለን። አምና ገድሉ የሚባል ልጅ እናቱ አረፉ። ወሬውን አንድ የአገሩ ልጅ ይዞት መጣ፤ ክበባችንም ደግ የሠራ መስሎት በማግሥቱ ለጠፈው። ለካስ ገድሉ ገና አልተረዳም! ዘመዶቹ ቅዳሜ ማለዳ ተሰብስበው መጥተው ሊያረዱት ነበር ያሰቡት። ልጁ በእረፍት ሰዓት ዳቦውን እየገመጠ መጣና የእናቱን ስም ከሰሌዳው ላይ አነበበ። እንዴት እንደ ጮኸ አልነግርሽም።

ከዚያ ወዲህ ለክበቡ ሕግ ያወጣሁለት እኔ ነኝ። መርዶ ሳይነገር ሰሌዳ አይነካም። እስከዚያ ድረስ ወሬውን የሰማን ሁሉ ባለ ኅዘኑ ፊት አናለቅስም፣ አንንሾካሾክም፣ ክፉ ቃል አንመልስለትም። ከሰሌዳው እንዲርቅ ደግሞ የስፖርት ገጹን እንሰጠዋለን፤ ኳስ ሜዳ ሲውል ከሰው ወሬ ይድናል። የክበባችን ልጅ የቃለ ሕይወት አባት ሲሞቱ እንዲሁ አደረግን፤ ልጁ ዘመዶቹ እስኪመጡለት ድረስ ጎል ሲቆጥር ሰነበተ። የክበባችን ኃላፊ መምህር ጌትነት የጨዋ ልጅ ሥራ ነው ብለው በሁሉ ፊት አመሰገኑኝ። እኔም ኮራሁ፣ የማርያም ያለህ!

ባለፈው ሳምንት የስፖርት ገጹን ለእኔ ሰጡኝ።

እምዬ፣ እኔ ኳስ ክብ መሆኑን እንጂ ሌላ ምን አውቃለሁ? መምህር ጌትነት ይህን ሲነግሩኝ ፊቴን አላዩኝም። ፈተና ስለ ደረሰ እንዳልደክም፣ ሰሌዳውን ፀደንያ እንደምትይዘው፣ እኔ ሜዳ ዳር ተቀምጬ ማን እንዳገባ ብቻ እንድጽፍ ነው ያሉኝ። ፀደንያን ታውቂያታለሽ፤ ለጥምቀት ይዣት የመጣሁት ያች ጭቅጭቃም ጓደኛዬ ናት። በአንዲት ነጠላ ሰረዝ ግማሽ ቀን የምትሟገተኝ ልጅ አሁን ያልኋትን ሁሉ እሺ ትላለች። ልፈትናት ብዬ ግጥሟን ከወገቡ ቆርጬ መለስሁላት። ጥሩ ሆኗል አለችኝ። 

ዓርብ ዕለት ወደ ሰሌዳው ሄድሁ። በታችኛው ጥግ፣ በኅዘኗ ቦታ፣ አንድ እንቆቅልሽ አውጥተውባታል። ሌላው ጽሑፍ ሁሉ በሙጫ ተለጥፏል፤ እሱ ብቻ በአንዲት ስፒል ነው የተያዘው። እንዲህ የምናደርገው ቦታው ለኅዘን ሲጠበቅ ነው፤ በተፈለገ ሰዓት ቶሎ እንዲነሣ። ይህንንም ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ። ይህ ቦታ ለማን ተይዞ ነው ብዬ ፀደንያን ጠየቅኋት። ለማንም አለችኝና የስፒሉ ቆርቆሮ ከእጇ ወደቀ። ልትለቅም ተንበረከከች፤ ለቅማ ከጨረሰችም በኋላ ቀና አላለችም።

የአክስቴን የየብርጓልን ነገር ደግሞ ስሚ። ግንቦት ላይ ወገቤን አሞኛል ብላ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄደች። ስትመለስ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። ፍል ውኃ ድምፅ ይዘጋል እንዴ? ከዚያ ወዲህ ሻሿን ቤት ውስጥ እንኳ አትፈታም፤ ማታ ጠጉርሽን ልሥራሽ ብላትም እንቢ አለች። አዘዘ ምን ሆኖ ነው የጠፋብኝ ስላት እንፍራንዝ ሽንኩርት ሊጭን ሄዷል አለችኝ። ባሏን ጋሼ አበራን ብጠይቃቸው ደግሞ መተማ ሥራ አግኝቶ ነው አሉኝ። እኛ በክበባችን ቢያንስ በአንድ ውሸት ተስማምተን ነበር የምንዋሸው።

አንቺም እምዬ፣ በዲያቆን ተክለ ጊዮርጊስ አፍ ሁላችንም ደህና ነን፣ አንቺ ብቻ ትምህርትሽን በርቺ ብለሽ ላክሽብኝ። ወትሮ አዘዘ እንዲህ አስቸገረኝ፣ እሱ እንዲህ አሳቀኝ ሳትዪ መልእክት ልከሽ አታውቂም። ሁላችንም ብሎ ነገር ከአንቺ ሰምቼም አላውቅ።

አልተቀየምኋችሁም። ፈተናዋን ትጨርስ ብላችሁ ነው። አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ እኔም በሰው ልጅ ላይ አድርጌዋለሁ። ግን ምን ፈተና አለኝ? ደብተሩን እገልጣለሁ፣ ፊደሉ ይታየኛል፣ ወደ ውስጤ አይገባም። ሜዳ ዳር ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ልጆቹ ጎል አግብተው ሲጮኹ እኔም አብሬ እጮኻለሁ፤ ሌላ ቦታ ማልቀስ ስለማልችል በዚያ ጩኸት መካከል ነው የማለቅሰው። ቤት ስገባ ፊቴን እታጠብና የጋሼ አበራን ቀልድ እስቃለሁ። እነሱ ለእኔ ይደብቃሉ፣ እኔ ለእነሱ እደብቃለሁ፤ እራት እንበላለን። ከዚህ በላይ አልችልም እምዬ። እውነቴን ነው፣ አልቻልሁም።

ተሳስቼ እንደሆነ ስደቢኝ። ምላስሽን ይቁረጠው፣ በወንድምሽ ታሟርቻለሽ ወይ በይኝ። ስድብሽን እንደ ጠበል እጠጣዋለሁ። አዘዘም አንድ መስመር ብቻ ይጻፍልኝ፤ ስለዚያች በቅሎም ቢሆን ግድ የለኝም። በቀይ ብዕር አላርምበትም፣ እንዳለ አወጣዋለሁ።

ካልተሳሳትሁ ግን ፈተናው ይለፍ ብለሽ አታቆዪኝ። የሠፈሩ ሰው ሁሉ አልቅሶለት፣ አክስቴ ድምፅዋ እስኪዘጋ አልቅሳለት፣ እኔ እኅቱ ማን አገባ ማን ሳተ እያልሁ ልከርም? የአርባው ዕለት እንኳ ከጎንሽ ልቀመጥ። ፈተናው ለከርሞም አለ፤ አርባው ለከርሞ የለም። አንቺስ እስካሁን ብቻሽን እንዴት ቻልሽው? ማታ ማን አብሮሽ ያድራል? ጉልበትሽን ማን ያሽልሻል?

መጻፍ ካቃተሽ አትጻፊ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ያው ዲያቆን ተክለ ጊዮርጊስ ነው፤ ስሰጠው እሱም እንደ ሌሎቹ መሬት መሬት አየ። በሚመለሰው ጀልባ አንቺ ራስሽ ነዪ። ወደቡ ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ነጭ ነጠላሽን ለብሰሽ ከመጣሽ በሰው ፊት እግርሽ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ፤ አንቺም እዚያው ምቺኝ። ጥቁር ለብሰሽ ከሆነ ግን ጀልባው ገና ከሩቅ ሳለ አይሻለሁ። አንቺ ምንም ማለት የለብሽም። ለገድሉ እንደ ሆነው አይሆንብኝም፤ አንቺን እያየሁ ነውና።

እስከዚያው ኪዳነ ምሕረት ከአጠገብሽ አትለይሽ። ጉልበትሽን ታጽናልሽ፤ ልብሽንም ታጽናልሽ።

አንድያ ልጅሽ