ከግድግዳው አትንቀዪው

ዋይንድሃም ቬል፣ ሜልበርን
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

በርሊን ለሰነበተው ለባለቤቴ ለሳህሌ፣

ሰላምታዬ እዚያ ያለውን ብርድ አልፎ ይድረስህ። ድሮ ደብዳቤ ስንጽፍ «ካንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» እንል ነበር። ዛሬም እንደዚያ ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት። ናፍቆቱን «በስተቀር» ብዬ ወደ ጎን ሳደርገው፣ የቀረውን ደህንነት ፈልጌ አጣሁት። በጤናዬ ምንም አልሆንኩም፣ ሺፍቴንም አላጓደልኩም። ሌላውን እያነበብህ ስትሄድ ታገኘዋለህ።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። ስልክ ላይ ገና ድምፅህን ስሰማ አፌ እኔን ሳያማክር «ደህና ነኝ» ይላል። አንተም ብትሆን ብዙውን ጊዜ ከባንድህ ጋር ቫን ውስጥ ሆነህ በስፒከር ነው የምታናግረኝ። ባሌን ላናግር እደውላለሁ፣ ኒጀል «ሃሎ ተረፈች!» ይለኛል። ጥሩ ሰው ነው፤ የባንዱ ዘፋኝም ነው፣ እድሜ ይስጠው፣ ግን ባሌ አይደለም። ወረቀት በስፒከር አይሰማም። ጋራዥ ያለው ማሽንህም አይቀዳውም።

እስቲ መጀመሪያ የሰፈሩን ወሬ ልንገርህ። ካውንስሉ በየደጁ የተከላቸው ዛፎች ዛሬም በእንጨት ታስረው ነው የቆሙት። ባለፈው ሳምንት ንፋስ የእኛን አጋደመው። ገመድ ባጣ በአሮጌ የሥራ ከረባትህ መልሼ አሰርኩት፤ ካንተ ይልቅ እሱ ያምርበታል። በመስመርህ ላይ ባንተ ፈንታ የተተካው የባስ ሾፌር ደግ ልጅ ይመስላል፣ ግን አይጠብቀኝም። አንተ ከጥግ ስታየኝ በሩን ከፍተህ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ቀስ በይ እመቤት፣ ባሱ ያንቺ ነው» ትለኝ ነበር። ያኔ አፍሬ እቆጣህ ነበር። አሁን እሮጣለሁ።

ሸክላዎቹ ደረሱ። የጀርመኑ ኩባንያ ሁለቱንም አልበሞች እንደ አዲስ አሳትሞ በካርቶን ልኳቸዋል። እነዚህ እኮ አስኮት ቬል ፍላት ሳለን ከአልጋ ሥር የነበሩት ናቸው፤ ገዢ አጥተው፣ ስጠርግ መጥረጊያዬ ሁልጊዜ እነሱ ላይ ይጋጭ ነበር። አሁን ያኔ ያልተወለዱ ልጆች ተሰልፈው ይገዟቸዋል ስትለኝ፣ ማመን አቅቶኝ ነበር። ዌት ሲመንት! ከዚያ ሁሉ የእንግሊዝኛ ቃል «እርጥብ ሲሚንቶ» የሚለውን መርጦ ባንድ የሚሰይም ሰው ምን ይባላል? ሽፋኑ ላይ ያለውን ፀጉርህን ልጃችን ሃሌሉያ አይታ «ኢዝ ዛት ዳድ?» ብላ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ባለ ሸክላው ቤት የሸክላ ማጫወቻ የለውም። ከምትኖርበት ከማሪቢርኖንግ የራሷን ይዛ መጣችልኝ።

አዳመጥነው። ጊታርህ ያው ነው፣ ዘይት የናፈቀው የብረት በር። ሟቹ ሮን ደግሞ ከኋላ ከበሮውን እንደተጣላው ሰው ይደበድበዋል። ግን ደስ አለኝ። ፉትስክሬይ ያ መጠጥ ቤት ትዝ አለኝ፣ ገና ሳንጋባ፣ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ልሰማችሁ የመጣሁ ዕለት። ሌመኔዴን ይዤ፣ ግድግዳ ተደግፌ፣ የቸርች ሰው ቢያየኝ ምን እላለሁ እያልኩ ቆሜ ነበር። አንዱ ዘፈን ባለቀ ቁጥር አንገትህን አስግገህ በሰዉ ራስ ላይ እኔን ትፈልግ ነበር። ሳታገኘኝ ቀጣዩን አትጀምርም። ኒጀል ወደ አንተ እየዞረ ሲነጫነጭ አይቻለሁ። ሙዚቃችሁ አልገባኝም፣ ያ ፍለጋህ ግን ገብቶኛል። ላገባህ የወሰንኩት ያን ዕለት ነው። እስከ ዛሬ አልነገርኩህም፤ እንዳትኮራብኝ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ ልምጣ። በል አትሳቅ፣ ይሄን ሳልናገር አላልፍም። ቸርች ያን አዲስ ኪቦርድ የገዛን ጊዜ፣ ኪቦርድ መቺው ሕዝቅያስ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ከበሮ ሲያስመታበት፣ ጊታርህን ሳጥኑ ውስጥ ከትተህ ከመዘምራን የወጣኸው አንተ አይደለህም? «ነፍስ የሌለው ከበሮ እግዚአብሔርን አያመሰግንም» አልክ። ሽማግሌው ጋሼ በቀለ ቤታችን ድረስ መጥተው ሲለምኑህ እንኳን አልተመለስክም። እኔም ባሌ ነህና፣ ባይገባኝም ከጎንህ ቆምኩ። ቀስ በቀስ እሑድ መምጣትም ተውክ፣ እኔ ብቻዬን መሄድ ጀመርኩ። ከዚያ ሮን ሞተ። በሮን ወንበር ሌላ ከበሮ መቺ አናስቀምጥም ብላችሁ የከበሮ ማሽን ገዛችሁ። ጋራዡ በሽቦ ተሞላ፣ ግድግዳው ስፖንጅ ለበሰ፣ አንተም እንደ ልጅ ለራት ና እስክልህ እዚያ መዋል ጀመርክ። ሕዝቅያስ ይሄን ሰምቶ «ጋሼ ሳህሉን ያ ማሽን ነፍስ አለው ወይ ብለው ይጠይቁልኝ» ብሎ ተሳለቀ። የዘራኸውን ነው ያጨድከው፤ አልተከላከልኩልህም።

የከበሮውን ማሽን ይዘህ ስትሄድ፣ ጋራዥ የቀረውን ሌላውን ማሽን እያሳየኸኝ፣ በሩ ላይ ቆመህ የነገርከኝ አንድ ነገር ነው። «ተሩ፣ ያንን ከግድግዳው አትንቀዪው። ሥራችንን ሁሉ ለሁላችንም የሚልከው እሱ ነው።» እሺ አልኩህ። ድምፅ ሲሰማ በራሱ ጊዜ እንደሚቀዳ ግን አልነገርክኝም። ብትነግረኝም መርሳቴ አይቀርም ነበር።

ጋራዥ መጸለይ የጀመርኩት በሲሃም ምክንያት ነው። ከጎናችን ያለውን ቤት የተከራየችው የሐረር ልጅ፣ ነርሷ። አንተ ከሄድክ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሳሎን ሆኜ እጸልያለሁ፤ ድምፄን ታውቀዋለህ። ልጅቷ ናይት ሺፍት ሠርታ የምትተኛበት ሰዓት ነው ለካ። አንድ ቀን ተምር በሳህን ይዛ መጥታ፣ እየተሽኮረመመች፣ «እትዬ ተረፈች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔም እጸልያለሁ፣ ግን ቀስ ብዬ ነው» አለችኝ። እኔ ደግሞ ቀስ ብዬ መጸለይ አልችልም፤ ቀስ ካልኩ ሐሳቤ ይሄዳል። ያንተ ስፖንጅ ትዝ አለኝ። ወንበር ይዤ ገባሁ። እንዴት ያለ ቦታ ነው! ብጮህ የሚሰማኝ የለም ብዬ፣ ሰው ፊት የማልለውን ሁሉ እዚያ አልኩት። ትንሿ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል እያየሁ፣ መብራት ይበላል እንጂ ሌላ ጥፋት አለው አላልኩም።

ቅዳሜ የላክህልኝን ዘፈን የሰማሁት ኪችን ቆሜ ነው። መጀመሪያ የማሽኑ ከበሮ፣ ከዚያ ጊታርህ ከሩቅ፣ ከዚያ አንዲት ሴት። የማን እናት ናት ይቺ፣ ምን ሆና ነው እንዲህ የምትለምነው ብዬ አዘንኩላት። ከዚያ ስምህን ጠራች።

መልእክትህን ደጋግሜ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፦ ኒጀል እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። ሐምቡርግ ላይ ስታሰሙት ሰዉ አበደ። በአዲሱ አልበም ውስጥ ብናስገባው ትፈቅጃለሽ? ኩባንያውም ክረምቱን እዚሁ ቆይታችሁ ጨርሱት እያለ ነው፣ እስከ ፋሲካ፣ የባሱንም ሥራ እለቃለሁ፣ ምን ይመስልሻል? እኔም «አንተ እንደመሰለህ» ብዬ መለስኩልህ። አንተም «ተባረኪ» አልክ። ይሄን ያህል ዘመን አብረኸኝ ኖረህ «አንተ እንደመሰለህ» ስልህ ምን ማለቴ እንደሆነ አታውቅም?

የከፋኝ የጌታ ስም ጭፈራ ቤት ተጠራ ብዬ አይደለም። ጌታ ከዚያ የባሰ ቦታም ገብቷል። በኒጀልም አልተቀየምኩም፤ አማርኛ አያውቅም፣ ለእሱ ዜማ ነው። ሃሌሉያም «ማም፣ ዩ ሳውንድ አሜዚንግ!» አለችኝ፤ የእሷ አማርኛ ከኪችን አያልፍም፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። አንተ ግን ሳህሌ፣ አማርኛ ታውቃለህ። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲጨፍር በአዳራሹ ውስጥ የምለውን የሚሰማ አንድ ሰው ነበር፣ እሱም ጊታር ይመታል። የጻፍክልኝ ስለ ድምፄ ነው። ስላልኩት አንዲት ቃል የለችበትም።

መጀመሪያ ላመካኝልህ ሞከርኩ። ማሽኑ ቆራርጦት፣ አደበላልቆት ሊሆን ይችላል፣ ከመድረክ ላይ ሆኖ አይለይም አልኩ። ለማረጋገጥ ሲሃምን ጠርቼ አሰማኋት፣ ምንም ሳልነግራት። አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው ሰማች። ያምራል አላለችም፣ አያምርም አላለችም። «እትዬ ተረፈች፣ ጋሼ ሳህሉ መቼ ነው የሚመለሱት?» አለችኝ። ፊቴን ወደ ሲንኩ አዙሬ ያልቆሸሸ ብርጭቆ አጠብኩ።

ስለዚህ ያልኩትን ያለ ከበሮ እጽፍልሃለሁ፣ አንብበው። «ጌታ ሆይ፣ ሳህሉን መልስልኝ። የሰጠኸውን ክብር አትውሰድበት፣ በስተርጅና ያገኘው ነው፣ ግን መልስልኝ። ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ደስታው እንዳይበላሽ ብዬ ዋሽቼ ነው። ለአንድ ሰው ማብሰል አቃተኝ። ይሄ ቤት ሰፋብኝ። አስኮት ቬል ከላያችን የሚሮጡት ልጆች ኮቴ እንኳን ናፈቀኝ። እዚያው ይቀራል ብዬ ፈራሁ። መልስልኝ፣ መልስልኝ።» ኒጀል የወደዳት ያቺ እየተመላለሰች የምትመጣዋ ቃል የመጨረሻዋ ናት።

እውነቱን ልንገርህ፣ ዘፈኑ ያምራል። ሳለቅስ እንደዚያ የማምር አይመስለኝም ነበር። አንተንም በስልሳ ዓመትህ ሰው ቆሞ ሲያጨበጭብልህ ሳስብ ደስታው ደረቴን ይሞላዋል፤ ይሄ ውሸት አይደለም። ስለዚህ ድምፄን ፈቅጄላችኋለሁ፣ አስገቡት። ግን አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ። ከማስገባታችሁ በፊት ኒጀልንና ሌሎቹን አንድ ክፍል ሰብስብ፤ ማሽኑ ይጥፋ፣ ጊታርህንም አስቀምጥ። ያልኩትን አንድ በአንድ በእንግሊዝኛ ንገራቸው። እንዳታሳጥረው፣ እንዳታሳምረውም። ራስህ በአፍህ በለው። ብለኸው ስትጨርስ አሁንም ክረምቱን እዚያ መቆየት ከቻልክ፣ ቆይ። ሁለተኛ አልጠይቅህም፣ ገናንም ከሃሌሉያ ጋር እንደምንም እንውላለን።

ካልቻልክ ደግሞ የምትመጣበትን ቀን ላክልኝ፣ ኤርፖርት እመጣለሁ። የከበሮ ማሽንህንም ይዘህ ና፣ ቦታ አለው፤ ቤቱን የሚያጣብብልኝ ነገር ነው የጠፋኝ።

ጌታ የገባህበትን ከተማ ሁሉ ሰላም ያድርግልህ። ጣቶችህን ከብርድ ይጠብቅልህ። ጆሮህንም ይክፈትልህ።

ከሰዉ መሃል የምትፈልጋት፣
ተረፈች

ይሄንንም ጨምሬልሃለሁ፦ የጋራዡን ማሽን እንዳልከኝ ከግድግዳው አልነቀልኩትም። አሁን የሚቀዳ መሆኑን አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ያው እዚያው ነኝ።