ሜሮን፣ ማርክና አራቱ ቋንቋዎች

ሰኞ

ዛሬም ስልክ ላይ ናት። ከሥራ ገብቼ ራቴን ብቻዬን በላሁ። ባለቤቴ ሜሮን ከማርክ ጋር ስለ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ቋንቋዎች እያወራች ትስቃለች። ማርክ አብሯት ዶክትሬቱን የሚሠራ ፈረንጅ ነው። በእኔ ቀልድ እንደዚያ ስቃ አታውቅም።

ማክሰኞ

ምንድነው እንዲህ የሚያስቃችሁ ብዬ ጠየቅኳት። ፊቷ በራ። አራት ትንንሽ ቋንቋዎች ናቸው፣ እህትማማች። አንዱ «ፐ» የሚለውን ሌላው «ፈ» ይለዋል፣ ሦስተኛው «ሀ»፣ አራተኛው ጭራሽ ይውጠዋል። «ሶ፣ ልጆቹን እያየን የሞተችውን እናት ቋንቋ መልክ እንገምታለን» አለችኝ። እናትየው ሁለት ዓይነት «እኛ» ነበራት ይላል ማርክ፤ አንዱ የሚሰማውን ሰው ይጨምራል፣ ሌላው ያስቀረዋል። «እኛ ግን ገና አልተስማማንም» አለች። እኔ የትኛው «እኛ» ውስጥ እንዳለሁ ልጠይቃት ስል ስልኳ ጠራ። እሱ ነው።

ረቡዕ

ከሥራ ቦታዬ ከቶራንስ በቀጥታ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወዳሉበት ወደ ፌርፋክስ ነዳሁ፤ እዚያ አንዱ ምግብ ቤት ነው የሚያጠኑት። ገና ፓርክ ሳላደርግ በምግብ ቤቱ መስታወት አየኋቸው። የጾም በያይነቱ አዘዋል። አጎረሰችው። በእጇ! የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ ጽጌ በር ላይ ሆነው «ግባ እንጂ ልጄ» አሉኝ። «ቸኩያለሁ» ብያቸው ሄድኩ። ቫን ናይስ ቤታችን እስክደርስ ሬዲዮ እንኳ አልከፈትኩም።

ሐሙስ

አልቻልኩም። «አጎረስሽው!» አልኳት።

«አይተኸን ነው? ታዲያ ለምን አልገባህም?» አለችና ቁጭ አለች። «ሁለተኛው ‹እኛ› ከእናትየው የመጣ አይደለም። ከባሕር ዳር ጎረቤቶቻቸው የተዋሱት ነው። ያገኘሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ማርክ ስንት ዘመን የለፋበት ገደል ገባ። ስነግረው እህል አልቀምስም አለ። ምን ላድርግ?»

ማዘን ነበረብኝ። ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳህን ሳጥብ አፏጨሁ።

ቅዳሜ

ሜሮን ሻወር ስትወስድ ማርክ ስልኳ ላይ ደወለ፤ አነሳሁት። ትምህርቱን ትቶ ወላጆቹ ዘንድ ሊመለስ ነው። እንዳልተቀየማት ንገርልኝ አለ። ሳላስበው በአማርኛ «አይዞህ» አልኩት። የገባው መሰለኝ፣ አመሰገነኝ።

ለሜሮን ስነግራት ጸጉሯን እንኳ ሳታደርቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስመኘው የኖርኩት ይኼን ነበር፤ ሰውየው ሄደልኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ትከሻዬን ተደግፋ አለቀሰች። ለእሱ ይሁን ለራሷ አልጠየቅኳትም።