ሕመሙ በስሙ ይጠራ፦ የአባታችን የአቶ አየነው ክንዴ የሕይወት ታሪክ

ወገኖቼ፣ ይህን ወረቀት በእጃችሁ የያዛችሁ፣ ቆማችሁም የምትሰሙ፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። ዝናቡን ሳትሉ መጣችሁልን። ጥቂት ታገሱኝ። እኔ የወርቅውሃ ነኝ፣ የአቶ አየነው የመጀመሪያ ልጅ። አራት ልጆች ለወግ ለማዕረግ ያደረስኩ እናት ነኝ እንጂ ጽሑፍ አዋቂ አይደለሁም። «አንቺ ጻፊው» ብለው ያዘዙኝ ራሳቸው ናቸው።

አባታችን አቶ አየነው ክንዴ ከአባታቸው ከአቶ ክንዴ ነጋ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ውብአየሁ በ1926 ዓ.ም. በዳንግላ ከተማ ተወለዱ። ሁለት ታላላቅ እህቶች ነበሯቸው።

ጣሊያን ዳንግላ ሰፍሮ በነበረበት ጊዜ ከየገጠሩ የተፈናቀለው ሰው ከተማው ውስጥ ታጭቆ፣ በአንድ ጎጆ ሦስት አራት ቤተሰብ ያድር ነበር ይሉናል። በ1931 ክረምት ሕመም ገባና ከየጎጆው ሬሳ ይወጣ ጀመር። የጣሊያን ሐኪም «የታመመ ካለ ይነገር፣ የሞተ ሰው ልብስ ይቃጠል» ብሎ አዘዘ። ማን ይስማው? አገር የነጠቀ ሰው ደግሞ ልብሳችንን ሊያቃጥል ነው ተባለ። ወይዘሮ ውብአየሁ ሲያርፉ ለጠያቂው «ምች መትቷት ነው» ተባለና ጋቢያቸው ጭድ ውስጥ ተደበቀ።

አባታችን ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ናቸው። የእናታቸው ጠረን ናፍቋቸው ጋቢውን ከጭዱ ጎትተው አወጡት። ከእህቶቻቸው ጋር እሱን ለብሰው ተኙ። ሳይቆይ ሦስቱም ታመሙ። እህቶቻቸው ሞቱ፣ እሳቸው ተረፉ። ሰፈርተኛውም «ጣሊያን ውሃውን መርዞት ነው» አለ፤ በዚያው ቀረ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አባታቸው አሳደጓቸው። ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግመው፣ ቀጥሎም ዘመናዊ ትምህርት ተምረው፣ በ1948 ዓ.ም. ለድሬሰርነት፣ ማለት ለጤና ረዳትነት፣ ትምህርት ጎንደር ሄዱ። ተስቦ በቅማል እንደሚተላለፍ፣ ቅማሉም በልብስ እንደሚሄድ የሰሙት እዚያ ነው። መምህሩ እያስተማረ ከክፍል ወጥተው እንዳለቀሱ ነግረውናል። ሁልጊዜ «ጋቢውን ያወጣሁት እኔ ነኝ» ይሉ ነበር። «አባባ፣ እርስዎ እኮ ሕፃን ነበሩ» ስንላቸው «እኔ ሕፃን ነበርኩ፤ የደበቁት ግን ሕፃን አልነበሩም» ይሉናል።

ከ1950 እስከ 1981 ዓ.ም. በዳንግላ፣ በአዘና፣ በአዲስ ቅዳም በድሬሰርነት አገለገሉ። ለገጠሩ ሰው በአውንጊ፣ ለከተማው ባማርኛ እያስተማሩ ስንቱን ቤት ልብስ አስቀቀሉ! በ1952 ዓ.ም. ከእናታችን ከወይዘሮ ማስተዋል ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ስድስት ልጆች ወለዱ፤ አራታችን በሕይወት አለን። እናታችን በ2009 ዓ.ም. ቀድማቸው አረፈች።

ልቅሶ ቤት የሚጠይቁትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። «በምን ሞቱ?» ነው። «ባደረባቸው ሕመም» ሲባሉ ይቆጡ ነበር። «ለበሬያችሁ ስም አውጥታችሁ፣ ሰው ለገደለ ሕመም ስም ታጣላችሁ?» ይላሉ። የሰፈሩ ጎረምሳም «ዝም በሉ፣ አያ በምንሞቱ መጡ!» እያለ ይስቅባቸው ነበር። ይሰሙታል፤ ይስቃሉ እንጂ አይቀየሙም። በኋላ ግን ሟች የተኛበትን ቤት መስኮት ሳያስከፍቱ፣ ልጆቹን ሳይመረምሩ አይወጡም ነበር።

አሁን ከባዱ ላይ ደረስኩ። እግዚአብሔር ይርዳኝ።

ዘንድሮ ጥምቀት እንዳለፈ አባታችን ማሳል ጀመሩ። ሌሊት ሌሊት ያልባቸዋል፤ ሰውነታቸው መነመነ። እሳቸው በሽታውን አላጡትም። «የወርቄ፣ ይህ ሳንባ ነቀርሳ ነው፤ አክታዬን አስመርምሩልኝ» አሉኝ። ያን ሰሞን የወንድሜ የምስጋናው ልጅ ሰርግ ሊደርስ ነው። ሳንባ ነቀርሳ ካለበት ቤት ማን ይበላል? የወንድ ወገኖችስ ምን ይላሉ? ብለን ፈራን። «ከሰርጉ በኋላ ይሁን፣ አባባ» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ለጠየቀን ሁሉ «ብርድ መቷቸው ነው» አልን። ጠበል አስጠመቅናቸው፤ ጠበሉ ቸር ነው፣ ጠበሉን አላማም። እኛ ግን ከሐኪም መሸሸጊያ አደረግነው። ንስሐ አባታችንም ይህን ሲሰሙ «ጠበሉም መድኃኒቱም የአንድ ጌታ ነው፤ ማን ለዩ አላችሁ?» ብለው ገሠጹኝ።

ሚያዝያ 26 ቀን ሰርጉ ተሠረገ። ሙሽሮቹ ጉልበታቸውን ሳሙ። እናንተም ሕፃናት ይዛችሁ መስኮቱ በተዘጋው ክፍል ገብታችሁ ምርቃታቸውን ተቀበላችሁ። እሳቸው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው «አትቅረቡኝ፣ ከሩቅ ልመርቃችሁ» ሲሉ፣ እኛ «ሽምግልና ነው፣ አትስሟቸው» አልናችሁ።

ከሰርጉ በኋላ እንጅባራ ሆስፒታል ወሰድናቸው። እሳቸው ያሉት ሆኖ ተገኘ። መድኃኒት ጀመሩ፤ ዘግይቶ ነበርና አቅም አጡ። አንድ ቀን እጄን ይዘው «ጋቢውን ደበቃችሁት አይደል?» አሉኝ። እጃቸውን ሳምኩ። «እንግዲያው ታሪኬን ስትጽፊ ስሙን ጻፊው» አሉኝ። ትናንት ይህን ስጽፍ ምስጋናው «እህቴ፣ ሙሽሮቹን አታሳፍሪያቸው፣ ባደረባቸው ሕመም በይው» ብሎ ለመነኝ። ሙሽራዋ ግን ተነሥታ «እቴቴ፣ ጻፊው፤ እኔም እያሳለኝ ነው» አለች።

ስለዚህ እንዲህ ጽፌአለሁ። አባታችን አቶ አየነው ክንዴ በሳንባ ነቀርሳ ታመው፣ እኛ ልጆቻቸው ሕመሙን ደብቀንባቸው፣ ሕክምና ዘግይቶባቸው፣ በተወለዱ በ91 ዓመታቸው ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። እኔን የወርቅውሃን፣ ምስጋናውን፣ ኢየሩስንና ስሜነህን፣ ከነልጅ ልጆቻቸው ትተው ሄደዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከእናታቸውና ከሁለቱ እህቶቻቸው ጋር ያገናኝልን፤ ለእኛም የንስሐ ዕድሜ ይስጠን።

ወገኖቼ፣ አንድ ልመና አለኝ። በዚያ ክፍል ገብታችሁ የተመረቃችሁ፣ ልጅ ይዛችሁ የገባችሁ፣ ምርመራውም መድኃኒቱም በነጻ ነው። ለእኛ ልቅሶ መድረሱ ይቅርባችሁ፤ አስቀድማችሁ ጤና ጣቢያ ድረሱ።