የሰባቱ ሰዎች አሟሟት በመዝገብ እንዲታረም

እኔ በማዘጋጃ ቤቱ የሞት መዝገብ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት የጻፍሁ ጡረተኛ፣ ኩላሊቴ ቢደክምም አእምሮዬ ያልደከመ፣ ዛሬ ማክሰኞ ሰኔ ሦስት ቀን አራት ምስክሮች እየሰሙኝ ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ። ጸሐፊዬ ጎረቤቴ መምህሩ ነው፤ ቁጣዬን እንዳያለዝብ አዝዤዋለሁ።

የልብስ ስፌት መኪናው ለምራቴ ይሁን። ታላቅ ወንድሜ፣ የአባታችንን ሰዓት «ለጊዜው» ብለህ ወስደህ አርባ ዓመት አሥረኸዋል፤ ሌላ አልጨምርልህም። ቤቱ ለሴት ልጄ ነው፤ የሚጸናላት ግን ቀጥሎ ያለውን ስትፈጽም ነው።

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተዘጋ ቢባል ኖሮ ሰው እርሙን አውጥቶ ሌላ እንጀራ ይፈልግ ነበር። የፋብሪካው ባለቤቶች ግን በየወሩ «ውሳኔ እስኪሰጥ በትዕግሥት ጠብቁ» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጠፉ። ሁለት ዓመት ሙሉ! ቀድሞ በከተማው ሁሉ በዓመት አንድ ሰው ራሱን ቢያጠፋ ነው። በሁለቱ ዓመታት ከዚያ ፋብሪካ ብቻ ሰባት ሰዎች ራሳቸውን አጠፉ። አለቃዬ «ከተማውን አታሸብር፤ ለቤተሰብም ክብር ነው» ቢለኝ፣ የሐኪሙን ቃል ትቼ ሰባቱንም «ድንገተኛ አደጋ» ብዬ ጻፍሁ። ስድስተኛው የገዛ ልጄ ነበር።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሠራተኞቹ ሲከሱት ፋብሪካው ያንኑ መዝገብ ፍርድ ቤት አቅርቦ «በመጠበቅ የሞተ የለም» አለ። የእጄን ጽሕፈት አየሁና ነደድሁ፤ እስከ ዛሬም አልበረድሁም።

ምራቴ ሆይ፣ ቀድሜ የደረስሁት እኔ ነኝና «ከመሰላል ወደቀ» አልሁሽ። አንቺም «ጣሪያውን ጠግን ያልሁት እኔ ነኝ» እያልሽ ዘጠኝ ዓመት ራስሽን ከሰስሽ። አልወደቀም። ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ጭንቀቱን ሊነግረኝ መጥቶ «ወንድ ልጅ ይችለዋል» ብዬ መልሼዋለሁ። ልጆቼ፣ ሲጨንቃችሁ ተናገሩ፤ ሲነገራችሁም ቁጭ ብላችሁ ስሙ።

የሐኪሙ ወረቀቶች ቅጂ ለሴት ልጄ ተሰጥቷል። ፍርድ ቤት ቀርባ ሰባቱንም ታሳርም።

አንደኛው ምስክር፣ የቀድሞ አለቃዬ፣ እዚህ ላይ «ሽማግሌው ይቀባጥራል፤ አልፈርምም» ብሎ ወጣ። ይህም ይጻፍ ብያለሁ። ምራቴ ከወንበሯ ተነሥታ «እኔ ልፈርም» አለች። መምህሩ «ወራሽ ምስክር አይሆንም» ቢላት፣ «እንግዲያው ውርሱ ይቅርብኝ፤ ብዕሩን አምጣው» አለችው።

ተናዛዥ፦ (ፊርማ)
ምስክሮች፦ ጫማ ሰፊው (ፊርማ)፣ ነርሷ (ፊርማ)፣ ዳቦ ጋጋሪው (ፊርማ)
ራሱን ያጠፋው የስድስተኛው ሰው ሚስት (ፊርማ)